ፕላኑን በአፍታ፣ ደብዳቤውን በቀናት፦ ዲስሌክሲያ ያለባቸው የአንዲት የጎንደር መሐንዲስ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ወደ ምርመራ እንዴት መጣ

ዲስሌክሲያ የማሰብ ችሎታ ሳይጎድል ንባብንና ጽሕፈትን የሚያከብድ ችግር ነው። ባለጉዳይዋ የ34 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ ናቸው። ጎንደር ተወልደው ያደጉ፣ አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ፣ በጥሩ ውጤት የተመረቁና በአንድ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። ማንነታቸውን ሊጠቁም የሚችል ዝርዝር ከዚህ ጽሑፍ ወጥቷል።

የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዓመታት ያሳለፉት ሳይት ላይ ነው። ፎርማኖቹ ስለ እርሳቸው ደጋግመው የሚያወሱት አንድ ነገር አለ። የስትራክቸርና የአርክቴክቸር ፕላኑን ጎን ለጎን ዘርግተው ጥቂት ደቂቃ ካዩ በኋላ፣ ገና ፌሮ ሳይታሰር፣ «ይኸ ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) ከደረጃው ማረፊያ በላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ሰው ራሱን ይመታል» ብለው ጣታቸውን ቦታው ላይ ያሳርፋሉ። ጎንደር ተዳፋት ከተማ ናትና አንዱ ሕንፃ በፊት ለፊቱ ሁለት፣ በጀርባው ሦስት ፎቅ ሆኖ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌላው ይህን የከፍታ ልዩነት በሴክሽን ስዕልና በካልኩሌተር ሲያወጣ እርሳቸው በሐሳባቸው አዙረው ያዩታል።

ችግሩን ይዞት የመጣው የሥራ ዕድገት ነው። የቢሮ መሐንዲስ ሆነው የኮንትራት አስተዳደር ሲሰጣቸው ሥራው ከስዕል ወደ ጽሑፍ ዞረ፤ የአሠሪው (የግንባታው ባለቤት) ደብዳቤ፣ የአማካሪው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የክፍያ ሰርተፍኬት፣ የጨረታ ሰነድ። በ11 ወር ውስጥ ሦስት ነገሮች ተበላሹ።

ከሁሉ የከበደው የይገባኛል ማስታወቂያው ነው። ውሉ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ውል ላይ ሲሆን፣ በዚያ ውል አንቀጽ 20.1 መሠረት ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅበትን ምክንያት ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ሥራውን ከፊል የሚያስቆመው ትእዛዝ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ በአራት ገጽ ደብዳቤ፣ በሦስተኛው ገጽ መሐል ነበር። ባለጉዳይዋ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው የቀረውን ለማታ አቆዩት፤ ማታው ሌላ ማታ ሆነ፤ ማስታወቂያው የወጣው በ31ኛው ቀን ነው። ሁለተኛው ጥፋት የደብዳቤ ቁጥር ነው፤ 0417 የነበረው 0471 ተብሎ ተጽፎ መልሱ ከሌላ ፋይል ጋር ታሰረ። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ በወቅቱ አለመድረሱ ነው። ድርጅቱ ሦስቱንም «ግዴለሽነት» በሚል ቃል ጠቅልሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ለምርመራ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ይዘውት የመጡትም ጥያቄ «ሰነፍ ነኝ ወይስ የሚያመኝ ነገር አለ?» የሚል ነበር።

34 ዓመት የተደበቀበት ምክንያት

ፊደል የቆጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። 33ቱ የፊደል ረድፎች በሰባት ሆሄ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ባለጉዳይዋ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ያለ እንከን ይወርዱት ነበር። መምህሩ በዘንግ አንድ ፊደል ብቻ ለይተው ሲጠቁሙ ግን መልሱ ወዲያው አይመጣም፤ ቤ ሲጠቆም በልባቸው «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» ብለው ዘምረው ነበር የሚደርሱበት። አቡጊዳ የተሠራው እንዲህ ያለውን በዜማ መደገፍ ለመስበር ነው፤ ረድፉንም ሆሄውንም አዘበራርቆ ያስጠናልና። እርሳቸው አቡጊዳ ላይ ከእኩዮቻቸው እጅግ ረዥም ጊዜ ቆይተዋል። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው «ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ዓይኗ ሰነፍ ነው» መባሉን ነው። ዓይናቸው ግን ደህና ነበር።

ከዚያ በኋላ የረዳቸው የፊደላችን ጠባይ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል እንደየቃሉ ድምፁን ይለዋውጣል። በአማርኛ ግን ቤ የትም ቢገኝ ቤ ነው። ቀስ ብሎ የሄደ ሰው በትክክል ይደርሳል። ዲስሌክሲያ እንዲህ ባለ አጻጻፍ ውስጥ በስሕተት ሳይሆን በዝግታ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤራልዶ ፓውሌሱና ባልደረቦቹ ዲስሌክሲያ ያለባቸውን የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንጎል ሲያወዳድሩ ያገኙት ይህንኑ ነው። ጣሊያኖቹ፣ ፊደላቸው ግልጽ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ የተሻለ አንብበዋል፤ የሦስቱም አገር ሰዎች አንጎል ግን በግራው የጆሮ አካባቢ አንድ ዓይነት የእንቅስቃሴ መቀነስ አሳይቷል። በጽሑፉ ምክንያት የሚለያየው ችግሩ የሚታይበት መልክ ነው፤ ከሥር ያለው አንድ ነው።

ታዲያ አማርኛም ወጥመድ አያጣም። መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ «ዋና» ውኃ ውስጥ የሚደረገውም ነው፣ ዋነኛውም ነው፤ «ገና» በዓሉም ነው፣ ያልደረሰውም ነው። የሚለየው ዐውዱ ነው። ሳድስ ፊደልም አንዴ አናባቢ ይዞ አንዴ ያለ አናባቢ ይነበባል። ቡ፣ ቢ እና ቤን የሚለያቸው ትንሽ ጭረት የተቀጠለችበት ቦታ ወይም ቅርጿ ነው። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው እነዚህን ሁሉ ሳያውቀው ይሻገራል። ባለጉዳይዋ ይሻገሩ የነበሩት ደግሞ በብልህነት ነው፤ ከቃሉ ግማሹን አይተው፣ ዐረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገምተው፣ ቀሪውን ይሞሉታል። ግምታቸው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ስለሆነ ማንም አላወቀባቸውም።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነና ውጤታቸው በታሪክና በሥነ ዜጋ ወረደ፣ በሒሳብና በፊዚክስ ከፍ እንዳለ ቀረ። መምህራን ምክንያቱን በቋንቋው አሳበቡ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ጓደኞቻቸው ጮክ ብለው ሲያነቡ እየሰሙ፣ እርሳቸው በምላሹ ሒሳቡን እያስረዱ አለፉ። ይህ የጥናት ቡድን ባይኖር ኖሮ ችግሩ ከአሥር ዓመት በፊት በታወቀ ነበር።

ምርመራው

መጀመሪያ ሌሎች ምክንያቶች ተጣሩ። የቅርብ ንባብ ዕይታ፣ መስማት፣ የእንቅልፍ ሁኔታ፣ ድባቴና ጭንቀት፣ የራስ ቅል ጉዳት ታሪክ፣ ትኩረት የማጣት ችግር ታዩ። የመጨረሻው በተለይ መታለፍ የለበትም፤ ከዲስሌክሲያ ጋር አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነውና። በባለጉዳይዋ ላይ ከማስጠንቀቂያው በኋላ የመጣ መጠነኛ ጭንቀት ብቻ ተገኘ። የእርሳቸው ታናሽ ወንድምና አባታቸው በንባብ የተቸገሩ መሆናቸውም ተመዝግቧል፤ ዲስሌክሲያ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌው ከፍተኛ ነው።

ቀጥሎ የንባብ መለኪያ። ከውጭ የመጣን ሚዛን በአማርኛ ላይ መጫን ዋጋ ስለሌለው ሦስት የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በትምህርት ደረጃና በዕድሜ የሚቀርቧቸው፣ ተመሳሳይ ፈተና ወሰዱ። ሦስት ሰው የአገር ሚዛን አይሆንም፤ ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ግን በቂ ምልክት ይሰጣል።

ባለ 300 ቃል የአማርኛ የውል ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ባልደረቦቹን ከ2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀባቸው። ባለጉዳይዋን 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀባቸው። ስሕተታቸው 3 ብቻ ነው፤ የባልደረቦቹ 1 ወይም 2። ስሕተት ብቻ የሚቆጥር መርማሪ እዚህ ላይ «ደህና ናቸው» ብሎ ያሰናብታቸው ነበር።

ትርጉም የሌላቸው የተፈጠሩ ቃላት፣ ለምሳሌ «ጠሙሌቃ»፣ «ብሽራጎድ»፣ የግምትን መንገድ ይዘጋሉ። ከ40ው ቃላት ባልደረቦቹ ከ38 እስከ 40ውን በትክክል አነበቡ፤ ጊዜውም ከ48 እስከ 55 ሰከንድ። ባለጉዳይዋ 34 በትክክል፣ በ1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ። ብልህነት የሚደገፍበት ነገር ሲያጣ ልዩነቱ እጥፍ ሆነ።

በአምስት አኃዞች ድግግሞሽ የተሞላ ባለ 50 ሣጥን ሰሌዳ በፍጥነት መጥራት፦ ባልደረቦቹ ከ19 እስከ 22 ሰከንድ፣ ባለጉዳይዋ 33። ይህ ንባብ አይደለም፤ የታወቀን ነገር ስም ከማኅደሩ የማውጣት ፍጥነት ነው። የሰሙትን ተከታታይ አኃዝ መልሶ በመናገር አምስት ላይ ቆሙ።

ብዙ የሚያስተምረው የድምፅ ማለዋወጡ ፈተና ነው። ሁለት ቃላት ተሰጥተው የመጀመሪያዎቹ ተነባቢዎች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ «ቤት ሰፊ» የሚለው «ሴት በፊ» መሆን አለበት። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ ይህን ለመሥራት ፊደሉን በሐሳብ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ባለጉዳይዋ ሙሉውን ፊደል እያነሡ «ሰት ቤፊ» ይሉ ነበር፤ ከ12 ጥንድ 4 ብቻ አገኙ፤ ባልደረቦቹ 10 እና 11። የአማርኛ ተናጋሪን በዚህ ፈተና የሚመረምር ሰው ትእዛዙን በሁለት ሦስት ምሳሌ ካላስረዳ ጤነኛውም ፊደሉን እንዳለ ያነሣዋል፤ ውጤቱ ያኔ ዋጋ የለውም።

በሌላው ወገን፣ የሬቨን የከፍተኛ ደረጃ ማትሪክስ ሁለተኛ ክፍል 36 ጥያቄ በ40 ደቂቃ የሚሠራበት፣ ቃል የሌለበት ፈተና ነው። ባለጉዳይዋ 33 መለሱ። ባልደረቦቹ፣ እነርሱም መሐንዲሶች መሆናቸው አይረሳ፣ ከ22 እስከ 27።

ውሳኔውን ያጸናው ግን ሌላ ንጽጽር ነው። እኩል ክብደት ባላቸው ሦስት ጽሑፎች ላይ አሥር አሥር ጥያቄ ተዘጋጀ። የመጀመሪያው ሲነበብላቸው 10 መለሱ፤ ሁለተኛውን ራሳቸው ያለ ጊዜ ገደብ አንብበው 9፤ ሦስተኛውን በ3 ደቂቃ ገደብ አንብበው 5። መረዳታቸው ሙሉ ነው፤ ጎዶሎው ከወረቀቱ ወደ መረዳቱ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

መርማሪ የሚስትባቸው ቦታዎች በዚሁ ይነገሩ። ከእንግሊዝኛ መጀመር ትልቁ ስሕተት ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ መዝገም ከትምህርቱ ጥራት ይሁን ከዲስሌክሲያ አይለይም። እርሳቸው የእንግሊዝኛውን ባለ 300 ቃል ጽሑፍ በ4 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ፣ በ17 ስሕተት አነበቡ፤ ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ከአማርኛው ጋር ሲታይ ነው የሚናገረው። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ውጤት ደምሮ ለአእምሮ ብቃት አንድ ቁጥር ማውጣት ከፍታውንም ዝቅታውንም ያጠፋል፤ «መካከለኛ» የሚባል፣ በሕይወት የሌለ ሰው ይወልዳል። ሦስተኛ፣ ሰ እና ሠን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን ማቀያየር ምልክት አይደለም፤ የተማረው አማርኛ ጸሐፊም ያቀያይራቸዋል። ምልክቱ የሆሄ መሳሳት (ቢ ለ ቤ) እና ከረዥም ቃል ውስጥ ፊደል መዋጥ ነው። «እንዲያስፈጽሙላቸው» በባለጉዳይዋ እጅ «እንዲያስፈሙላቸው» ሆኖ ሦስት ጊዜ ተገኝቷል።

አንጎሉ ውስጥ የሚሆነው

ባለጉዳይዋ የአንጎል ምስል አልተነሡም፤ አያስፈልግምም። የአንጎል ምስል ጥናቶች የሰዎችን ስብስብ አማካይ የሚያሳዩ ናቸው እንጂ አንድን ሰው ለይተው «ዲስሌክሲያ አለበት» አይሉም። «በኤምአርአይ እናሳይዎታለን» የሚል ካለ ገንዘብዎን ይያዙ። ጥናቶቹ የሚጠቅሙት በፈተናው የታየው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

የሰው አንጎል ለንባብ የተመደበ ክፍል ይዞ አይወለድም። ንባብ የሚማር ሰው ሦስት ነባር ቦታዎችን በገመድ ያስተሳስራል። አንደኛው በግራ በኩል ከአንጎል ግርጌ ወደ ኋላ ያለው፣ ቅርጽ የሚለየው ቦታ ነው፤ በሠለጠነ አንባቢ የታወቀን ቃል ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ያውቀዋል። ሁለተኛው ከግራ ጆሮ በላይና ወደ ኋላ ያለው፣ ቅርጽን ከድምፅ የሚያገናኘው ነው። ሦስተኛው በግራ ግንባር በኩል ያለው፣ ብሮካ የሚባለው የንግግር ቦታ ነው። ዲስሌክሲያ ባለባቸው ሰዎች ሁለቱ የኋላ ቦታዎች በንባብ ጊዜ የሚጠበቅባቸውን ያህል አይሠሩም።

ለምን? ለረዥም ጊዜ «የድምፆቹ ምስል ራሱ የደበዘዘ ነው» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ባርት ቡትስና ባልደረቦቹ በዐዋቂዎች ላይ ሠርተው ያወጡት ጥናት ሌላ አሳየ። የድምፆቹ ምስል ንጹሕ ነው፤ የደከመው በድምፅ ቦታውና በብሮካ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ይህ ከባለጉዳይዋ ውጤት ጋር ይገጥማል። ሲናገሩ ቃል አይሳሳቱም፣ ሲሰሙ ሙሉ በሙሉ ይረዳሉ፤ «ቤ»ን ሰንጥቀህ ተነባቢውን ብቻ አምጣ ሲባሉ ግን መዝገቡ ሳይጠፋ መዝገብ ቤቱ ያዘገያል።

ሁለተኛው ነገር አንጎል ለተደጋገመ ነገር አለመለማመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ታይለር ፔራኪዮኔና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ አንድ ነገር፣ ድምፅም ይሁን የተጻፈ ቃል ወይም ፊት፣ ሲደጋገም የአብዛኛው ሰው አንጎል ምላሹን ይቀንሳል፤ «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ ጉልበቱን ይቆጥባል። ዲስሌክሲያ ባለባቸው ሰዎች ይህ ቅነሳ በጉልህ አነስተኛ ነው። «በመሆኑም»ን ወይም «በተጠቀሰው»ን በሺዎች ጊዜ ያነበበ መሐንዲስ ዛሬም በከፊል እንደ አዲስ ይከፍልበታል ማለት ነው። ከ40 ደቂቃ ንባብ በኋላ የባለጉዳይዋ ስሕተት በገጽ ከ2 ወደ 6 ከፍ ያለው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ተሰጥኦው የት ይገባል? እ.ኤ.አ. በ2011 በሂሮኮ ታናካና ባልደረቦቿ የተሠራ ጥናት በንባብ የሚቸገሩ ልጆችን በሁለት ከፍሎ አየ፤ የማሰብ ችሎታቸው ከንባባቸው ጋር የሚመጣጠን እና ከንባባቸው እጅግ የሚበልጥ። በድምፅ ሥራ ጊዜ የሁለቱም አንጎል አንድ ዓይነት የእንቅስቃሴ መቀነስ አሳየ። ብልህነት ጉድለቱን አይሞላውም። የሚያደርገው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ማበጀት ነው፤ ከማራኪ ተነሥቶ ፒያሳ ለመድረስ በአዘዞ እንደ መዞር ያለ። ይደርሳል፤ ነዳጁ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ፉሚኮ ሁፍት ያሳተመችው ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የሚያሳዩትን መሻሻል የተነበየው የቀኝ ግንባር እንቅስቃሴና የቀኝ በኩል የነርቭ ገመድ ጥንካሬ እንደሆነ አግኝቷል፤ የዙሪያው መንገድ በቀኝ በኩል ያልፋል ማለት ነው።

«ዲስሌክሲያ ራሱ የተሰጥኦ ምንጭ ነው» የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አንድ ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች በእውነት ሊሠሩ የማይችሉ ቅርጾችን ትክክለኛነት ሳይቀንሱ ከሌላው ፈጥነው ለይተዋል፤ ሌሎች የቅርጽ ፈተናዎች ላይ ግን ብልጫ ያልታየባቸው ጥናቶች ብዙ ናቸው። ባለጉዳይዋ ዲስሌክሲያ ባይኖርባቸውም ቅርጽ የማየት ችሎታቸው ይኖር ነበር ብሎ ማሰብ ይሻላል። ይህ ለክርክር የሚነሣ ነገር ብቻ አይደለም፤ አሠሪው «ስጦታ ነው» ተብሎ ከተነገረው ድጋፍ መስጠቱን ይተወዋል።

አማርኛ ላይ ብቻ ጎልቶ የሚወጣ አንድ ነገር ይቀራል፤ የግሡ ቦታ። ዐረፍተ ነገራችን ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ አንዱን ዐረፍተ ነገር አርባና ሃምሳ ቃል አድርጎ ይዘረጋዋል። ማን፣ ምን፣ በማን ትእዛዝ፣ እስከ መቼ የሚለው ሁሉ ግሡ እስኪመጣ በአእምሮ ተይዞ መቆየት አለበት። አኃዝ በመያዝ አምስት ላይ የሚቆም ሰው፣ በዚያ ላይ በግማሽ ፍጥነት ሲያነብ፣ «እናሳስባለን» ላይ ሲደርስ መነሻው ጠፍቶበታል። ባለጉዳይዋ ይህን ያለ አስተማሪ አግኝተውት ነበር፤ ዓይናቸውን ቀድመው ወደ አራት ነጥቡ ይልካሉ፣ ግሡን ይይዛሉ፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይመለሳሉ። አለቃቸው «እየዘለለች ታነባለች» ያሉት ይህንን ነው።

የተደረገው

ድርጅቱ በአንድ ስብሰባ ተስማማ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተገቢ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዝዛል፤ እዚህ ግን ወደ ሕጉ መሄድ ሳያስፈልግ ቀረ። ለ12 ሳምንት የሚቆይ አሠራር ተተከለ።

ገቢ ደብዳቤ ሁሉ መዝገብ ቤት ሲደርስ አንድ ባለሦስት መስመር ወረቀት በላዩ ይያያዛል፦ ማን ምን ጠየቀ፣ መልሱ እስከ መቼ፣ ቁልፉ ሐሳብ በየትኛው ገጽ። ከ28 ቀን ጋር የተያያዘ ነገር ያለበት ደብዳቤ በዚያው ቀን በቃል ይነገራል፣ 7ኛውና 21ኛው ቀን በግድግዳ መቁጠሪያው ላይ ይከበባሉ። ይህ ለዲስሌክሲያ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ የኮንትራት ክፍል ሁሉ ሊኖረው የሚገባ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌሎቹም መሐንዲሶች ወረቀቱን ይጠይቁ ጀመር።

ረዥሙ ጽሑፍ በድምፅ ይደመጣል። የማይክሮሶፍት ኤጅ የድረ ገጽ መክፈቻ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እያደመጡ በዓይን መከተል ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከማድረግ ይሻላል። ሦስት ነገር ያበላሸዋል። ደብዳቤው በስካነር የገባ ምስል ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ መለወጥ አለበት፤ ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት መስመር ደግሞ ተበላሽቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ቀኑና ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዋናው ወረቀት ይታያል። የሚጠብቀውን ከሚላላው ማሽኑ ሊስት ይችላል። ኢንተርኔት ወይም መብራት ሲጠፋም ድምፁ ይቀራል፤ ለዚህ ጸሐፊዋ ደብዳቤውን አስቀድማ በስልክ አንብባ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ታስቀምጣለች፣ ባለጉዳይዋም አውርደው ያዳምጡታል።

ወረቀቱ ራሱ ተለወጠ። 11 የነበረው የፊደል መጠን 14፣ የመስመር ርቀቱ 1.5፣ የቀኝ ጠርዙ ሳይስተካከል፣ በፊደላትና በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ተደርጎ። እ.ኤ.አ. በ2012 በጣሊያንና በፈረንሳይ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት በፊደላት መካከል ክፍተት ማስፋት ዲስሌክሲያ ላለባቸው እንደሚረዳ አሳይቷል። ለዲስሌክሲያ ተብለው የሚሸጡ ልዩ የፊደል ቅርጾች ግን ጥቅማቸው ሲፈተን ብዙም አልታየም።

መልስ መጻፍ በንግግር ይጀመራል። የጉግል የድምፅ ትየባ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይቀበላል። ባለጉዳይዋ የሚሉትን በአምስት አጭር ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ጸሐፊዋ በመሥሪያ ቤት ወግ ታስተካክላለች፣ ረቂቁ ተመልሶ በድምፅ ይደመጣል። የተዋጠ ፊደል በዓይን ያመልጣል፣ በጆሮ አያመልጥም። ቁጥር ደግሞ ብቻውን አይታለፍም፤ የደብዳቤ ቁጥር፣ የፌሮ ዲያሜትርና ርቀት (ፋይ 16 በ150)፣ የክፍያ መጠን፣ ሁሉም በሁለት ሰው፣ አንዱ ከዋናው ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው ከቅጂው እየተከተለ፣ አኃዝ በአኃዝ ይረጋገጣል፤ «አራት መቶ አሥራ ሰባት» አይባልም፣ «ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ሰባት» ነው።

የንባብ ልምምዱ በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ነበር። በድምፅ መሰንጠቅ ላይ ሳይሆን በቃል አካል ላይ ተመሠረተ። «አልተፈጸመላቸውም» እንደ አንድ ረዥም ጥልፍልፍ ሳይሆን አል፣ ተፈጸመ፣ ላቸው፣ ም ተብሎ ይታያል። ድምፅ ላይ የሚደክም ዐዋቂ በትርጉም አካላት ላይ ሊበረታ እንደሚችል በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያሳያሉ፤ አማርኛ ደግሞ ለዚህ መንገድ የተመቸ ነው፣ ቅጥያዎቹ ተደጋጋሚ ናቸውና።

ያልሠራውና ውጤቱ

ባለቀለም ፕላስቲክ በገጹ ላይ ማስቀመጥ ባለጉዳይዋ ራሳቸው ጠይቀው ተሞከረ፤ በፍጥነቱ ላይ ምንም አልጨመረም። የድምፅ ትየባ ሳይት ላይ አልሆነም፤ ሚክሰር ባለበት ቦታ ስልኩ የሚጽፈው ቅዠት ነው። ሠንጠረዥን በድምፅ ማዳመጥም ከንቱ ነው፤ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ሰነድ ሲነበብ አምዶቹ ይደበላለቃሉ። እርሱን እርሳቸው እንደ ፕላን በዓይን ቢያዩት ይሻላቸዋል፤ ዋጋው ከመስመሩ የወጣ ነገር ካለ በቅርጹ ያውቁታል።

በ12ኛው ሳምንት ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ የአማርኛ ጽሑፍ በ3 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ አነበቡ። በደቂቃ ከ72 ቃል ወደ 81 ማለት ነው፤ ባልደረቦቹ አሁንም ከመቶ በላይ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ከዚህ ብዙ መጠበቅ የለበትም፤ «ልምምዱን ብትገፋበት ትደርስባቸዋለህ» የሚል ተስፋ ሰውን ያደክማል። የተለወጠው ሥራው ነው። ለደብዳቤ መልስ የሚወስዱት ጊዜ በአማካይ ከ6 የሥራ ቀን ወደ 2 ወረደ፣ የማስታወቂያ ቀን አላለፈም፣ የቁጥር ስሕተት አንድ ተገኝቶ ሳይወጣ ታረመ።

ቃለ ጉባኤ መያዝ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እየሰሙ፣ እየመረጡ፣ እየጻፉ በአንድ ጊዜ መሄድ የእርሳቸውን የሥራ ትውስታ (ነገርን ለአፍታ በአእምሮ ይዞ የመሥራት ችሎታ) ከሁሉ በላይ የሚያጨናንቅ ነው፤ በማመቻቸት የሚፈታ አልሆነም። በምትኩ የጎረቤት ፕሮጀክቶች የስትራክቸርና የአርክቴክቸር ፕላን ከመታተሙ በፊት በእርሳቸው ጠረጴዛ እንዲያልፍ ተደረገ።

መፍትሔ ያላገኘው የእንግሊዝኛው የጨረታ ሰነድ ነው። ከመቶ ገጽ በላይ ሆኖ ይመጣል፣ የመዝጊያው ቀን በድርጅቱ እጅ አይደለም፣ የተጫራች መመሪያው ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ማለፍ ከውድድር ያስወጣል። ለጊዜው የሕጉን ክፍል ሌላ መሐንዲስ ያነባል፣ ቴክኒኩንና ስዕሉን እርሳቸው ይይዛሉ፤ ያ መሐንዲስ በሌለበት ሳምንት ድርጅቱ ጨረታ አይገባም።